ጭሱ ይውጣ፣ እኛም እንምጣ፦ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ደመራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመስቀል ደመራ በዓል አስተባባሪዎች፣ ለከተማችን ጤና ቢሮ፣ እንዲሁም በየሰፈሩ ደመራ ለምትደምሩ ሁሉ

በቅድሚያ ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርሰን እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ ነሐሴ ሳያልቅ የምጽፈው በምክንያት ነው። መስከረም ከጠባ በኋላ የሚጻፍ ማመልከቻ ለደመራ አይደርስም፤ ድንኳኑ የት ይተከል፣ ፍተሻው በየት በኩል ይሁን፣ አምቡላንሱ የት ይቁም የሚባለው አሁን ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አለርጂ ወይም አስም ያለባት ነፍሰ ጡር መስከረም 16 ቀን መስቀል አደባባይ መጥታ፣ የሰንበት ተማሪዎቹን ዝማሬ ሰምታ፣ ደመራው ሲለኮስ አይታ፣ በደህና እየተነፈሰች ወደ ቤቷ እንድትመለስ ቦታ አዘጋጁላት።

«ቤቷ ብትቀመጥ ምን አለበት?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እናቴ ብላኛለች፣ አማቴም ብለውኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ በግልጽ ባይለውም በዓሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ እንደሚተላለፍ ደጋግሞ ያስታውሰኛል። እኔ ግን ያደግኩት መሹለኪያ ነው፤ አደባባዩ ደጄ ነው። ደመራን በቴሌቪዥን ማየት ለእኔ የጎረቤት ሠርግ በመስኮት እንደማየት ነው። ደግሞስ ቤት መቀመጥ መቼ ከጭስ አዳነን? የሰፈራችን ልጆች የራሳቸውን ደመራ የሚለኩሱት እኮ ደጃችን ላይ ነው።

እኔ ራሴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ደመራ ሲደርስ ስምንተኛውን እይዛለሁ። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ከመስታወት ጀርባ ቆሜ እውላለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱን እሸጣለሁ፣ አስነጥሳለሁም።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ደንበኞቼ ቃላቸው አንድ ነው፦ አፍንጫዬ ተዘጋ፣ ዓይኔን በላኝ፣ ላንቃዬን አሳከከኝ፣ ጠዋት ስነሣ ማስነጠሱ አላቆም አለኝ። አብዛኛው «ሳይነሴ ተነሣ» ይላል። ጥፋተኛ ተብላ የምትከሰሰው ደግሞ ሁልጊዜ አደይ አበባ ናት። ምስኪን አደይ! እሷን የሚያገለግሏት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው፤ የአበባዋ ዱቄት ከበድ ያለና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ ብዙ አያርቀውም። እቅፉን አፍንጫው ላይ ደፍኖ ለሚያሸት ወይም የእሷ ዘመድ የሆኑ ዕፅዋት ለሚያስቸግሩት ሰው ካልሆነ በቀር ዋናዋ ባለ ዕዳ እሷ አይደለችም። ነፋስ የሚሸከመው የሣሩን ዱቄት ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ ሣር ዝናቡ ጋብ ሲል ዘንግ አውጥቶ ያብባል። ደማቅ ቀለም ስለሌለው አበባ መሆኑን ልብ የሚለው የለም፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ዱቄቱን ይበትነዋል። በዚያ ላይ ለበዓሉ ሣር ይታጨዳል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ እርጥብ እንደሆነ ተከምሮ የዋለ ቄጤማ ሻጋታም ይዞ ይመጣል። በየመንገዱ ዳርና በየአደባባዩ የተተከለውን ሣር የምትንከባከቡ ወገኖች፣ ዘንግ ሳያወጣ አስቀድማችሁ ብታጭዱት፣ በበዓሉ ዕለት ጠዋት ደግሞ ማጨጃውን ባታስነሡ ትልቅ ውለታ ነው።

እርግዝና በበኩሉ አለርጂ የማያውቃትን ሴት አፍንጫ እንኳ ይዘጋል። ሆርሞኑም፣ የጨመረው ደምም የአፍንጫን ውስጠኛ ሽፋን ያሳብጡታል፤ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ይህ ይደርስባታል፣ ከወለደች በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃታል። ቀድሞ አለርጂ የነበረባት ሁለቱን ትደርባለች። አስም ካለባቸው ደግሞ በእርግዝና ወቅት ሲሶው ይብስባቸዋል፣ ሲሶው ይሻላቸዋል፣ ሲሶው እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ የትኛዋ ከየትኛው ወገን እንደምትሆን ማንም አስቀድሞ አይነግራትም። እና ሰው በአደባባይ የማያወራውን እኔ ልናገር፦ በስምንተኛው ወር ማስነጠስ ማለት ሽንት ማምለጥ ማለት ነው። ከዚህ በታች ስለ መጸዳጃ ቤት ስጽፍ ስለ ምቾት የማወራ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ሴትየዋ ትገባለች፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ትጠብቃለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርጉዝ ነኝ» ትላለች። ብዙ ቦታ የምታገኘው መልስ «እንግዲያው ምንም አትውሰጂ» ነው። ለሚመልሰው ሰው ቀላል ነው፤ ነገ የሚጠይቀው የለም። ለእሷ ግን አይቀልም፤ ይህን የሰማች ሴት የአለርጂ ክኒኑን ብቻ አትተውም፣ የአስም መንፊያዋንም አብራ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። በእርግዝና ጊዜ እናትንም ፅንስንም ይበልጥ የሚጎዳው ያልታከመው አስም ነው እንጂ መንፊያው ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞሉ፣ አይደለም። እናት አየር ሲያጥራት ልጁም ያጥረዋል።

የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ ከደመራ በፊት ለየመድኃኒት ቤቱና ለየጤና ጣቢያው አንዲት ገጽ ብትበትኑ ግማሹ ሥራ ያልቃል። ምን ትበል ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ የጨው ውሃ ትበል፦ አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ አፍንጫን ማጠብ። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ለዚህ አይሆንም። ይህ ካልበቃ በአፍንጫ የሚነፋ፣ እብጠቱን የሚቀንስ ስቴሮይድ አለ፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ ይበልጥ የተጠናው ቡደሶናይድ ነው። ከሚዋጡት የአለርጂ ክኒኖች ሎራታዲንና ሴትሪዚን ለነፍሰ ጡር በሰፊው ይታዘዛሉ። ክሎርፌኒራሚንም ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረ ነው፣ ነገር ግን ያስተኛል፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እያንቀላፋች የምትቆም ነፍሰ ጡር ልትታየኝ አልቻለችም። ለጉንፋን እየተባሉ የሚሸጡት ድብልቅ ክኒኖች ውስጥ ግን ሱዶኤፌድሪን የሚባል አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለችና የደም ግፊት ያለባት ሴት ልትርቀው ይገባል። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፉ መልሰው ይደፍኑታል። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሳይሆን ፓራሲታሞል። መጠኑንና የሚሆናትን ክትትል የምታደርግበት ቦታ ያለው ባለሙያ ይወስንላት፤ እኔ የምለው «ምንም አትውሰጂ» ተብላ አትባረር ነው።

ጤና አዳምን ሳላነሣ ባልፍ እናቶቻችን ይታዘቡኛል። አፍንጫ ሲዘጋ ጤና አዳም ፈትጎ ማሽተት፣ ቡና ላይ ጣል ማድረግ፣ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ መጭመቅ የቤታችን ሕክምና ነው። ማሽተቱን አልጣላውም። ጤና አዳምን አፍልቶ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ማኅፀንን ያኮማትራል፣ በብዙ አገር ፅንስ ለማስወረድ ሲጠቀሙበት የኖረ ተክል ነው። ለአማቴ ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ለካ እናቴ ለእርጉዝ አትስጡ የምትለው ለዚህ ነው» አሉ። በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንም ለአንዳንዷ ያቀልላታል፤ አስም ያለባትን ግን ሽታው ራሱ ሊቀሰቅስባት ይችላል።

ከሁሉ የምፈራው ራስ ምታቱን ነው። መስከረም ላይ ግንባሯን ይዛ የመጣችን ሴት ሁሉ «ሳይነስ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፈ ሴት ላይ ግን የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም የፕሪ ኤክላምፕሲያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ፣ እናትንም ልጅንም የሚያሳጣ የደም ግፊት ሕመም ነው። መስታወት ላይ ቆሞ አይለይም፤ ግፊት መለካት ያስፈልጋል። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጥታ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ደመራ አይኬድም። በአደባባዩ ድንኳን ውስጥ ከምንም በፊት የደም ግፊት መለኪያ ይኑር የምለው ለዚህ ነው።

ወደ አደባባዩ ልመለስ። ጭሱን አስቀሩልን አላልኩም። ንግሥት እሌኒ ዕጣን ጨምራ ያስነሣችው ጭስ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ እንዳመለከታት የምናምን ሕዝብ ነን፤ ጭስ ከሌለ ደመራ የለም። ዩኔስኮም በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህንኑ በዓል ነው። ነገር ግን የእንጨት ጭስ ቀድሞ በአለርጂ ያበጠ አፍንጫና ሳንባ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነገር ይሆናል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ራቅ ብላ ለቆመች ጤነኛ ሴት ክፍት አየር ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ጭሱ ፊቷ ላይ ሲዞርባት መውጫ ያጣች፣ አስም ያለባት ሴት ግን ሌላ ናት።

ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ማወቅ ይቻላል። የዕለቱን የነፋስ አቅጣጫ ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጠይቃችሁ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ፣ መውጫው አጠገብ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለአስም ሕሙማን የሚሆን ቦታ ከልሉልን። አግዳሚ ወንበር ይኑረው። የአደባባዩ ደረጃ ለመቀመጥ ደህና ነው፤ ግን ሕዝቡ ጢም ካለ በኋላ በስምንት ወር ሆድ ከመሃል ተነሥቶ መውጣት የማይታሰብ ነው፤ ብዙ ሰዓት ቆሞ መዋልም ራስ ያዞራል። «ነፋሱ ቢዞርስ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ግንብ አልጠየቅንም፣ ወንበር ነው፤ ይነሣል።

ስለ ፍተሻው። ለደኅንነታችን ስለሆነ እናመሰግናለን። ባለፈው ዓመት ግን አንድ መግቢያ ላይ፣ ከፊቴ የነበረችው ሴት ቦርሳ ውስጥ ሰማያዊ የአስም መንፊያ ተገኘ። ፈታሿ ልጅ እግር ናት። አገላብጣ አየችው፣ ክዳኑን አወለቀች፣ አንዴ ወደ አየር ነፋችው፣ አሸተተችው፤ ከዚያ «እዚህ ትተሽው ግቢ» አለች። ሴትየዋ ልትከራከር ብትሞክርም ትንፋሽ አጠራት። ከኋላችን የነበሩ አንዲት እናት ናቸው «ኧረ ልጄ፣ መተንፈሻዋ ነው!» ብለው የጮኹላት። ተመለሰላት። ፈታሿ ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ምን እንደሆነ አሳይቷት የሚያውቅ ሰው የለም። ለፈታሾች በምትሰጡት ገለጻ ላይ የአስም መንፊያ፣ የአፍንጫ ስፕሬይና በስሟ የታዘዘላት ክኒን አብሮ እንዲገባ ንገሩልን፤ ናሙናውን እንኳ አንዴ እጃቸው ላይ አሲዟቸው። ነፍሰ ጡር ውሃዋን ይዛ ትግባ። ወረፋም ላይ እሷና አረጋዊ የሚያልፉበት አንድ መስመር ይለይላቸው።

የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞችን በበዓል ቀን የማያውቅ የለም፤ ብዙ ሰው ከወደቀበት አንሥተዋል። ከእነሱ ጎን አንዲት አዋላጅ ነርስ ብትመድቡ፣ ሳልቡታሞልና ማስነፊያው፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ ግፊት መለኪያ ቢኖሩ፣ ድንኳኑም ከሩቅ የሚታይ ባንዲራ ቢሰቀልበት ይበቃል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልና ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ቅርብ ናቸው፤ ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን መንገዱ ተዘግቶ ሕዝቡ ሲበተን አምቡላንስ የሚያልፍበት ቀዳዳ መጥፋቱ ነው። አንድ መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁን፣ የትኛው እንደሆነም ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ይነገር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ይህም ቢነገር አይከፋም። መጸዳጃ ቤቱን ከወንበሩ አጠገብ አድርጉት፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ።

ኢሬቻም ደመራን ተከትሎ በቀናት ልዩነት እዚያው አካባቢ ይከበራል፤ እርጥብ ሣርና አበባ በእጁ ያልያዘ የለም። ወንበሩና ድንኳኑ ባይነቀል ለሁለቱም ያገለግላል።

የሰፈር ልጆች፣ ከእናንተም ጋር ነገር አለኝ። ደመራችሁን እወደዋለሁ፣ የማዋጣውም አይቀርም። ግን እሳቱ እምቢ ሲላችሁ ፌስታል፣ ጎማ፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር አትጨምሩበት። ያ ጭስ ከእንጨት ጭስ ጋር አይወዳደርም፤ የሚገባውም ሕፃንና እርጉዝ ያለበት ቤት ነው። እንጨቱን ከአሁኑ ጣሪያ ሥር አድርቁት፤ እርጥብ እንጨት ነው ጭስ የሚያበዛው። ከመስኮትም ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት።

ለእህቶቼም ጥቂት። የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ የታዘዘላችሁ፣ የደመራ ዕለት ጠዋት አትጀምሩት፤ ሙሉ ሥራውን የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ጷጉሜ ላይ ጀምሩት። ስትነፉት አንገታችሁን ትንሽ ወደ ፊት ደፋ አድርጉ፤ ለግራ አፍንጫ ቀኝ እጅ፣ ለቀኝ አፍንጫ ግራ እጅ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ይመልከት እንጂ መሃለኛውን ግድግዳ አይምታ፣ ያደማል። በኃይል አትማጉት፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይባክናል። ነጠላ አፍና አፍንጫ ላይ መሸፈን ያምራል፣ ሽመናው ግን ስስ ነው፤ ዱቄትና ጭስ የሚቀንሰው ፊት ላይ የሚገጥም ማስክ ነው፤ ነጠላውን ከላይ ጣል ማድረግ ትችላላችሁ። አስም ያለባችሁ መንፊያውን ቦርሳ ሥር ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያዙት። ትንፋሽ ሲያፏጭ፣ ከንፈር ሲያብጥ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው ሲቀንስ የእሳቱን ማለቅ አትጠብቁ። ቤት ስትደርሱ ጭስ የጠጣውን ልብስ መኝታ ክፍል አታስገቡት፤ ፊትና አፍንጫ ታጥባችሁ ነው ጋደም የሚባለው፣ በግራ ጎን ቢሆን ይመረጣል። ሐኪማችሁ ዘንድሮ ቅሩ ካላችሁ ደግሞ ቅሩ፤ በአስም ምክንያት ሆስፒታል ገብታ የምታውቅ ሴት የማንንም ደብዳቤ አንብባ አደባባይ አትውጣ።

አስተባባሪዎች ሆይ፣ ወንበሩና ድንኳኑ በየትኛው በኩል እንደሚሆን፣ የነፍሰ ጡሮች መግቢያም በየት እንደሆነ ከመስከረም 10 በፊት ብታሳውቁን፣ ወረቀቱን አትሜ የመድኃኒት ቤታችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ሌሎች መድኃኒት ቤቶችም እንዲለጥፉት እኔው እዞራለሁ፤ እግሬ እስካላበጠ ድረስ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የመድኃኒት ባለሙያና ነፍሰ ጡር
መሹለኪያ፣ አዲስ አበባ